የሰንበሌጥ ወንዝ፣ ከታች ወደ ላይ

፩ — መድረሻ

እዚህ ያልቃል።

ሰንበሌጥ ወንዝ ከሾላ ሜዳ በታች ካለው ገደል ሥር ወደ ትልቁ ወንዝ ይገባል። በክረምት ሁለቱ ወዲያው አይቀላቀሉም፤ የእኛው ቀይ፣ የትልቁ ጠቆር ያለ ሆኖ ትንሽ መንገድ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። በበጋ ግን መግባቱም አጠራጣሪ ነው። ትልቁ ወንዝ ዳር ቆመህ ብታይ ነጭ ድንጋይ ብቻ ነው፤ ይሄ ወንዝ ነው ብትባል ትስቃለህ።

ወረዳው «የወንዛችሁን አቀማመጥ ከመነሻው እስከ መድረሻው ጽፋችሁ አቅርቡ» ብሎናል። የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ አንጓች እባላለሁ። ከማኅበርተኛው መካከል አሥረኛ ክፍል የደረስኩት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ብዕሩ እኔ ላይ ወደቀ። ደረስኩ እንጂ አላለፍኩም፤ ይህን ግን የጠየቀኝ የለም።

ከመነሻው ጀምሪ ተብያለሁ። ጀምሬ ቀደድኩት። እንደገና ጀምሬ እንደገና ቀደድኩት። አንድ የሞት ወሬ የመጣው ከታች ስለሆነ እኔም ከታች ወደ ላይ እጽፋለሁ። የወረዳው ሰውዬ ካልተመቸው ገልብጦ ያንብበው።


፪ — ሾላ ሜዳ

በወንዙ ላይ የመጨረሻው መንደር ነው። ቆላ ነው፤ ማሽላ ያበቅላል። የእጅ ፓምፕ ተተክሎላቸው ነበር፤ ተሰበረ፤ እንደተሰበረ ነው። ስለዚህ በመጋቢት ሾላ ሜዳ ላይ ውሃ የጠማው ሰው ወይ እኛ ከላይ ስንለቅለት ይጠጣል፣ ወይ ከብት ከረገጠው ኩሬ ይቀዳል።

እታለም ዝማም እዚህ ትኖር ነበር።

ባሌ የሞተ ጊዜ ከሾላ ሜዳ እስከ እኛ ያለውን ገደል ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ወጣች። ያን ዕለት ውሃ እኛ ዘንድ ሞልቶ ነበር እኮ! «ባዶ እጄን ለቅሶ አልገባም» ብላ ነው። ከዚያ ሰልስት እስኪወጣ ድረስ ጓዳዬ ውስጥ ሆና ለእንግዳው ስትቀዳ፣ ዕቃ ስታጥብ፣ እኔ ስጮህ ፊቴን በነጠላዋ ስትጠርግልኝ ሰነበተች። አንድ ቀን እንኳ «አይዞሽ» አላለችኝም። «ብዪ» ነበር የምትለኝ። በላሁ።

ይህ የወንዝ አቀማመጥ አይደለም፤ አውቃለሁ። የወረዳው ሰውዬ ይዝለለው።

አንተ አትዝለለው።


፫ — ስለ ለቅሶ ውሃ

በበጋ ሰንበሌጥን ሁለት ጠለፋ ይይዘዋል፤ ከላይ የጨፌ መንደር፣ ከሥሩ የእኛ መንደር የወይብላ። ጠለፋ ማለት ወንዙን በድንጋይና ሣር ባለው ጓል አጥረን ወደ ቦያችን የምንመልስበት ነው። ተራውን የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት ናቸው። አያ ሙጬ ይባላሉ፤ ቤታቸው ጨፌ ነው።

በወንዙ ላይ ሰው ከሞተ ሁለቱም ጠለፋ ይፈርሳል። ተራው የማንም ይሁን፣ የሞተው ማንም ይሁን። ወንዙ እስከ ቀብር ድረስ በራሱ መንገድ ወደ ሟቹ መንደር ይሄዳል። ሬሳው ይታጠብበታል፤ ሊጥ ይቦካበታል፤ ለቀስተኛው ይጠጣዋል፤ የለቀስተኛው በቅሎም ትጠጣዋለች። የለቅሶ ውሃ ይባላል። በባሌ ቀብር ጊዜ ውሃው ከሰው ቀድሞ ነበር የደረሰው።

ወሬው እንዲህ ይሄዳል። ከሾላ ሜዳ አንድ ሰው ሮጦ ወደ እኛ ይወጣል። ከእኛ ወደ ጨፌ ግን በእግር ዞሮ መውጣት ረጅም ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ወሬው የደረሰው ሰው ከመንደራችን በላይ ባለው ጥሪ ድንጋይ ላይ ቆሞ ይጣራል። ከላይ «ሰምተናል!» ይላሉ። አያ ሙጬ የጨፌን ጠለፋ አፍርሰው፣ ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ውሃውን እየተከተሉ ይወርዳሉ። የእኛም መፍረሱን በዓይናቸው ያያሉ። ውሃው ሾላ ሜዳ እስኪገባ ወደ ቤታቸው አይመለሱም።

ስልክ እንዳትለኝ። ኔትወርክ ይህን ገደል አይወርድም።

ማን ሰማ፣ ማን አስተላለፈ ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም ነበር። ሰው እንዴት የሞት ወሬ ይይዛል?


፬ — አሸዋው

ከወይብላ እስከ ሾላ ሜዳ ወንዙ የሚያልፈው በጠባብ ገደል ውስጥ ነው፤ ወለሉ አሸዋ ነው። ትንሽ ውሃ ከለቀቅክበት ጠጥቶት ይቀራል፤ ወዴት እንደሚገባ የሚያውቅ የለም። የእኛ ድርሻ ብቻውን ይህን አሸዋ አያልፍም። የጨፌው ሲታከልበት ነው የሚያልፈው።

ይህን ልብ በል። ውሸቴን ሰው ያመነው በዚህ አሸዋ ምክንያት ነው።


፭ — ወይብላ

መንደሬ። ከወንዙ በስተግራ አሥር አሥራ አምስት ቤት፣ ከቤቶቹ ሥር እንደ ደረጃ የወረዱ ትናንሽ ማሳዎች። ከታች ጥጉ ላይ ያለው የእኔ ነው፤ ሽንኩርት ነው።

ባለፈው ሳምንት ተራው የእኔ ነበር። በመጋቢት ተራ ቶሎ አይመለስም። ሽንኩርቱ ራስ መቋጠር ጀምሮ፣ የቅጠሉ ጫፍ ቢጫ መምታት ጀምሮ ነበር። ያን ቀን ካልጠጣ እስከ ቀጣዩ ተራ አይቆይም። ያለኝ እሱ ነው፤ ሌላ መሬት የለኝም።

ቦዩን ወደ መጀመሪያው መደብ መልሼ፣ እግሬ ጭቃው ውስጥ እንዳለ ስንሻው መጣ። ስንሻው የእታለም ዝማም ልጅ ባል ነው። ማለዳ ነው፤ እሱ ግን በላብ ተነክሯል።

ስንሻው፦ እንዴት አደርሽ፣ አንጓች።

እኔ፦ እግዜር ይመስገን። ምነው፣ በደኅና?

ስንሻው፦ በደኅና አይዶል። እናታችን አረፈች፤ ሊነጋጋ ሲል።

እኔ፦ እታለም ዝማም?

ስንሻው፦ እሷው። ቀብሩ ዛሬውኑ ነው፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም። ለጨፌ ንገሪልኝ፤ እኔ ልመለስ፣ መቃብር የሚቆፍር ሰው ገና አልተገኘም።

እኔ፦ ሂድ፣ ሂድ። እነግራለሁ።

«እነግራለሁ» ስል እውነቴን ነበር። ይህቺን እንኳ ተውልኝ።


፭ — አሁንም ወይብላ

ይህ መደብ ይጥገብና እሄዳለሁ አልኩ።


፭ — አሁንም

ይህኛውም።


፭

ይህኛውም።


፭

ለእታለም ዝማም እያለቀስኩ ነበር የማጠጣው። ሰው እያለቀሰ ቦይ መመለስ ይችላል። በራሴ አይቻለሁ።

«ታዲያ ጨፌን ጠርተሽ የራስሽን ብቻ ለምን ጥቂት አላቆየሽም?» ትለኝ ይሆናል። አያ ሙጬ ውሃውን ተከትለው ይወርዳሉዋ! ጠለፋዬ ሳይፈርስ ያገኙኛል። ልይዝ ካሰብኩ ሁለቱንም መያዝ ነበረብኝ፤ ውሃውንም ወሬውንም።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። እኔን የወሰደኝ መደብ በመደብ ነው።

ሁሉም ሲጠጣ ፀሐይ አናቴ ላይ ነበረች። አሁን ብጣራ፣ ጨፌ ቢያፈርስ፣ ውሃው አሸዋውን አልፎ ሾላ ሜዳ ሲገባ ቀብሩ አልቋል። እንግዲህ መጣራቱ ለምን ይበጃል አልኩ። ጠለፋዬን አፈረስኩ። እግሬን ታጠብኩ። ጥቁር ልብሴን ለብሼ ለቅሶ ወረድኩ።

ሽንኩርቱ ድኗል። እንዳታስብ።


፪ — ሾላ ሜዳ፣ ተመልሼ

ቁጥሩ ተሳስቶ አይደለም። ወደ ታች ወርጃለሁ።

ደጃፉ ላይ ባዶ ጀሪካን ተኮልኩሏል። ለቀስተኛው ከሩቅ ሁሉ መጥቶ ከንፈሩ ደርቆ ዳስ ውስጥ ተቀምጧል። አልቃሿ ድምፅዋ ተዘግቶ በእጇ ብቻ ደረቷን ትመታለች። ሴቶቹ ከከብት ኩሬ የቀዱትን ውሃ በነጠላ እያጠለሉ ነበር እታለም ዝማምን ያጠቧት። ነጠላውን አጥሩ ላይ ተሰጥቶ አየሁት። መካከሉ ላይ ጭቃው ቀርቷል።

የእታለም ዝማም ልጅ፣ የስንሻው ሚስት የዝና፣ አንገቴ ላይ ወድቃ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ቀና አለች።

የዝና፦ አንጓች፣ ወሬው ሳይደርሳችሁ ቀርቶ ነው?

ስንሻው፦ እንዴት ሳይደርሳቸው! እኔ ራሴ ነግሬያት የለ?

(ዳሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።)

እኔ፦

 

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ይህ ክፍት ቦታ የዚያን ጊዜም ነበር። የዝና ትጠብቀኝ ነበር፤ ማንም አላጣደፈኝም። «ሽንኩርት ሳጠጣ ነው» የምትለው ነገር ለመናገር ይህን ያህል ረጅም አይደለችም።

እኔ፦ ተጣርቻለሁ። የእኛንም ያኔውኑ አፈረስኩት፤ አሸዋው ጠጥቶት ነው እንጂ።

ስንሻው፦ ከላይስ መለሱልሽ?

እኔ፦ «ሰምተናል» ብለዋል።

የዝና፦ ማን ነው ያለሽ?

እኔ፦ የአያ ሙጬ ድምፅ መሰለኝ።

 

መሰለኝ።

 

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ከዳሱ ጥግ አንድ ሽማግሌ ተነስተው «እንግዲያ የጨፌ ሰው ሲሞት እንተያያለን» አሉ። የዝና ወደ አጥሩ ሄደች። ነጠላውን ከአጥሩ ላይ አውርዳ ጭቃውን በጥፍሯ ትፍቅ ጀመር። ውሃ ስለሌለ ነው በጥፍሯ የምትፍቀው።


(ከቀደድኩት ወረቀት)

«ሰንበሌጥ ወንዝ ከጨፌ ረግረግ በላይ ከሚገኝ ምንጭ በመነሳት፣ የጨፌን፣ የወይብላንና የሾላ ሜዳን አርሶ አደሮች በፍትሐዊነት እያጠጣ...»

«በፍትሐዊነት» የሚለው ላይ ስደርስ ነው የቀደድኩት።


፭ — ወይብላ፤ አያ ሙጬ ወረዱ

ሾላ ሜዳ ከእንግዲህ ከጨፌ ጋር ለቅሶ አንደራረስም ብሏል። ለማያውቀው ቀላል ነገር ይመስለዋል። ለቅሶ የማይደራረስ ሰው አይጋባም፣ ከብት አይጠባበቅም፣ ሬሳ ተሸክሞ ገደል የሚያወጣለት ትከሻ ያጣል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አገሩ ስለ እሳቸው የሚለውን አያ ሙጬ የሰሙት ከሁሉ ሰው በኋላ ነው።

ትናንት ዱላቸውን ተመርኩዘው ደጄ ላይ ቆመው አየኋቸው። ሊያፋጥጡኝ ነው አልኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስም ብሎኝ ነበር። ይጠይቁኝ፣ ይጩሁብኝ፣ እኔም ልገላገል።

አያ ሙጬ፦ ይቅር በይኝ፣ አንጓች።

እኔ፦ ምኑን?

አያ ሙጬ፦ ተጣርተሽ አልሰማሁሽም።

እኔ፦ አያ ሙጬ...

አያ ሙጬ፦ ጨፌን ቤት ለቤት ዞሬ ጠየቅሁ። የሰማ የለም፤ «ሰምተናል» ያለም የለም። እንግዲህ እኔው ነኛ። ጥሪ ሰምቼ እንደ ልማዴ መልሼ፣ ምን እንደተባልሁ ሳላውቀው ቀርቼ ይሆናል። እርጅና ነው። ሚስቴም «ሁለት ጊዜ ካልተነገርህ አትሰማም» ትለኛለች።

እኔ፦ እኔ እኮ ያን ቀን... ድምፁን በደንብ... ምናልባትም እኮ ማንም አልመለሰልኝ ይሆናል።

አያ ሙጬ፦ ተይ። እኔን ለማዳን ብለሽ አትዋሺ።

 

አትዋሺ አሉኝ።

 

አያ ሙጬ፦ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስቱም መንደር ይሰበሰባል። ጆሮዬን ፈትኑት ብያለሁ። ከሾላ ሜዳ ሁለት ሽማግሌ ጨፌ ከእኔ ጋ ይቀመጣል። አንቺ ከድንጋዩ ላይ ያን ቀን እንዳደረግሽው አድርገሽ ተጣሪ።

እኔ፦ ካልሰሙስ?

አያ ሙጬ፦ ካልሰማሁማ ደንቁሬያለሁ። ደንቆሮ የውሃ አባት አይሆንም። ከእኔ በኋላ አንቺ ሁኚ ብያለሁ፤ ተስማምተዋል።

እኔ፦ ከሰሙስ?

አያ ሙጬ፦ (ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛውረው) ከሰማሁ፣ ያን ቀንም ሰምቼ ዝም ብያለሁ ማለት ነው። እንግዲያ ያሉኝ ሁሉ ልክ ነዋ።

ሦስተኛውን አላነሱትም። ያን ቀን ያልሰሙት ማንም ስላልተጣራ ሊሆን እንደሚችል። እሱን ለማሰብ እኔን ውሸታም ማድረግ አለባቸው፤ ያ ደግሞ በልባቸው የለም። ባሌን ሲቀብሩ መጀመሪያ አፈር የመለሱት እሳቸው ናቸው።

ሲነሱ ከማሳዬ ጥቂት ሽንኩርት ነቅዬ፣ ገና ያልደረሰ ነው፣ ለወጥ ያህል ብዬ በፌስታል ሰጠኋቸው። ለምን እንደሰጠሁ አትጠይቀኝ። እጄ ነው የሰጠው። «ማሳሽን ያለምልመው» ብለው መርቀውኝ ወጡ።


፮ — ጥሪ ድንጋይ

ከወይብላ በላይ፣ ወንዙ ከጨፌ ረግረግ ወጥቶ ገደሉን ከሚወርድበት ፏፏቴ ፊት ለፊት ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ። ከብዙ ሰው እግር ብዛት ላዩ ልሟል።

አጣራሩ እንዲህ ነው።

እግርህን አራርቀህ ቁም። ነፋሱ ከታች ወደ ላይ እስኪነፍስ ጠብቅ። መዳፍህን ከአፍህ ግራና ቀኝ አድርግ። መጀመሪያ የውሃ አባትን ስም ጥራ፤ መጨረሻውን አስረዝመው። ከዚያ ዝም በል፤ ገደሉ ድምፅህን ይመልሰው። ከዚያ የሟቹን ስም ተናገር። አታልቅስ፤ ልቅሶ ድምፅ ይበላል።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ሄጄ ቆምኩበት። አልተጣራሁም፤ ዝም ብዬ አዳመጥኩ። ጨፌ ውስጥ አንዲት ሴት ከጓሮዋ ዶሮ ስታባርር እዚያ ሆኜ ሰማኋት። ዶሮዋን በምን ቃል እንደሰደበቻት ሳይቀር።

እንግዲህ አያ ሙጬ ይሰማሉ። ጆሯቸው ምንም አልሆነም።

ድምፄን ዝቅ ባደርገውስ? ከኋላዬ የቆመው ሰው «ጮኻለች» ይላል። እሳቸው ደንቁረው ይቀራሉ፣ ጨፌም ከሐሜት ይተርፋል፣ እኔም የውሃ እናት እባላለሁ። ማን ተጎዳ? ይህን አስቤዋለሁ። ደብቄ አልጽፍም፤ በደንብ ነው ያሰብኩት። ያዘጋጀሁትን ድምፅ እንኳ ቤቴ ውስጥ በሹክሹክታ ሞክሬዋለሁ።

ብናገርስ? ሾላ ሜዳ ቀብሬ ላይ አይቆምም። የገዛ መንደሬም ፊቱን ያዞራል። ባል የለኝም፣ ልጅ አልወለድኩም፤ ስሞት የሚሸከመኝ ይኸው አገር ነው። ሰው ከሞተ በኋላ ምን ቸገረው ይላሉ። እኔን ይቸግረኛል። በሰው ትከሻ መሄድ እፈልጋለሁ። ሞቴን ሰው ሳይሰማ፣ በኩሬ ውሃ እንኳ የሚያጥበኝ ጠፍቶ...

አየህ፣ ስለ እሷ ልጽፍ ጀምሬ ስለ ራሴ ሆነ። ያን ቀንም እንዲህ ነበር።

እታለም ዝማም፣ በድዬሻለሁ። ይህን እዚህ መጻፍ ቀላል ነው፤ ወረቀት አይዞርም፣ ፊት የለውም።

ከዚህ በላይ ያለውን ለወረዳው አልጻፍኩም። ከጨፌ በላይ መነሻው አለ፤ ምንጩ ከምን ዓይነት ድንጋይ ሥር እንደሚወጣ አውቃለሁ፤ ግን ወሬው ያልደረሰበትን ቦታ እኔ ቀድሜ ልደርስበት አልቻልኩም። ወረዳው እስከ ሰኞ ይታገሰኝ።

ነገ ድንጋዩ ላይ እወጣለሁ። ሕዝቡ ከኋላዬ ይቆማል፤ የዝናም ከሴቶቹ መካከል ትኖራለች። እግሬን አራርቃለሁ። ነፋሱን እጠብቃለሁ። ባለ በሌለ ድምፄ «አያ ሙጬ!» ብዬ እጣራለሁ፤ በሹክሹክታ አይደለም። እስከዚህ ድረስ ወስኛለሁ። ከዚያ ዝም እላለሁ፤ ገደሉ ስማቸውን ይመልሰዋል። እሳቸውም ከላይ ሆነው፣ በሁለቱ ሽማግሌዎች መካከል፣ መዳፋቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው ይጠብቃሉ።

ከዚያ አፌን እከፍታለሁ።


፯ — ጨፌ

የተሰማው (ነገ የሚሞላ)፦

 

«                                                  »